ለራሱ ብቻ ስለሚከፈተው የቅሬታ መቀበያ

ለተከበሩ የመሬት ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሰበታ፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ በዚህ የሁከት ወር ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የወንበርዎ ምቾት እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የጽሕፈት ቤትዎ የኔትወርክ ባለሙያ ጃራ መገርሳ፣ ትእዛዝዎን በገዛ ጣቶቼ የፈጸምኩ ሰው፣ ምስጋናዬን በዚህ ጋዜጣ በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

1. ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ በኢንተርኔት የሚላከውን ቅሬታ ተቀብሎ ለሦስት ሰርቨሮች የሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰር፣ ፖርት 443 በሚባለው የመግቢያ በር ላይ ከየትም ለመጣ ክፍት ነበር። እርስዎ ግን መዝገቡን ተመልክተው፣ የሦስት ከተማ ሰው በአንድ ደቂቃ አንድ ፖርት ላይ መገኘቱ ያልተፈቀደ ስብሰባ መሆኑን ደረሱበት። እኔ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ይህን ሳላውቅ በመቅረቴ አፍሬያለሁ።

2. «ይዘጋ፤ የበላይ አካል ሲጎበኝ ግን ይሥራ» ብለው በጻፉልኝ መሠረት፣ መቀበያውን ማሽኑ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ፣ 127.0.0.1 ላይ ብቻ እንዲሠራ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ የሚመልሰው ለራሱ ብቻ ነው። ጎብኚዎቹ እዚያው ማሽኑ ላይ ገጹ ሲከፈት፣ ቅሬታም ዜሮ መሆኑን ሲያዩ አጨብጭበዋል። ጭብጨባው የእርስዎ ነው።

3. በወረቀት አንቀበልም ያሉት እርስዎ ነዎት፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ያልተቃወመ መሬቱን ለመልቀቅ እንደተስማማ ይቆጠራል ያሉትም እርስዎ። እናቴ ወይዘሮ ወርቅቱ ያላት ተፍኪ አጠገብ ያለች አንዲት የጤፍ ማሳ ናት። እሷን ላለመስጠት ሰበታ ኢንተርኔት ቤት አራት ቀን ተመላለሰች፤ ገጹ አልከፈተላትም። ቀኑ ሐሙስ አለፈ። ስሟም በፈቃዳቸው ተስማምተዋል በተባሉት ዝርዝር ላይ አሥራ ሰባተኛ ሆኖ ተለጥፏል።

መልሼ ልከፍተው ሞክሬ ነበር፤ የይለፍ ቃሉን አስቀድመው አስቀይረውታል። ለማመልከትም ማመልከቻ የሚገባው በዚያው በተዘጋው ገጽ ነው። ጨንቆኛል፤ ምን እንደማደርግም አላውቅም።

ቅሬታዎ ዜሮ ሆኖ እንዲዘልቅ፣ ጎብኚዎም እንዲበዛ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታዛዥነት በቀር ሙያ ያልተገኘብኝ ሎሌዎ፣
ጃራ መገርሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሰኞ ዕለት ማሳው ላይ ችካል ሊተክሉ የመጡት ሠራተኞችዎ ውኃ ጠምቷቸው እናቴን ጠይቀዋት፣ ቀድታ አጠጥታቸዋለች። ኃላፊው ቢያውቁ ኖሮ ይህን አያደርጉም ነበር እያለችም ትሟገትልዎታለች። ጋዜጣ አታነብምና ገጹን የዘጋባት የልጇ እጅ መሆኑን አልሰማችም። ምናልባት መንገድ ላይ ካገኟት፣ ዝም ማለቱን እርስዎ ያውቁበታልና፣ እባክዎ አይንገሯት።