የመብረቅ ድምፅ

ለእህቴ፣ ለወንድሜ ባለቤት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይ? አባትሽና እናትሽ ደህና ናቸው? ልጃችንስ? «ትከሻዬ ጋ ደርሳለች» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ በአባቷ ወጥታለች ማለት ነው። እኔ ይኸው አለሁ። ፀጉር ቤቱም እንደነበረ ነው፤ ከወንበሮቹ አንዱ መሽከርከሩን ተወ እንጂ ሌላ ለውጥ የለውም።

ደብዳቤሽ እጄ ከገባ ሰንብቷል። አልደረሰኝም ብዬ አልዋሽሽም። አንብቤ አጥፈዋለሁ፣ ደግሞ እዘረጋዋለሁ፤ እንዲህ ስል ነው የከረምኩት። «አዲሱ ምዕራፍ ከጀመረ ወዲህ ልጅቷ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነሳም ብላለች፤ አባዬ ተሽሎታል ትለኛለች። ይኼ የማን ድምፅ ነው? የድሮ ቅጂ ነው ወይስ ምንድነው? እውነቱን ንገረኝ» ብለሽኛል።

የኔ ነው። ይኸው ተናገርኩት። አሁን እንዴት እንደሆነ ላጫውትሽ፤ ከዚያ በኋላ ያሻሽን በይኝ።

አንቺ ጩኸቱ ራሴን ያዞረኛል እያልሽ ተነስተሽ ትሄጂ ነበር እንጂ እኔና ወንድሜ በዚያ የጃፓን ካርቱን ስንቱን ቀን ተከራክረንበታል! እሱ በአማርኛ ድምፁን የሰጠው ጀግና፣ መብረቅ፣ ከመምታቱ በፊት የጡጫውን ስም ይጠራል፤ «የሰባቱ ሰማያት ጡጫ!» ጠላትየው ደግሞ ጨዋ ነው፣ የጡጫው ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ዛሬ የተሰነዘረ ቡጢ የሚያርፈው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። በየክፍሉ ተራራ ይሰነጠቃል፣ ከተማ ይፈርሳል፤ በማግስቱ ከተማው ድርቅ ብሎ ቆሞ ይገኛል፣ ማን እንደሠራው የሚነግርሽ የለም። ሴቶቹ ቁስል ከማሰርና ስሙን እየጠሩ ከመጮህ ሌላ ሥራ አልተሰጣቸውም። ይኼን ሁሉ ስዘረዝርለት ወንድሜ እየሳቀ «ልክ ነህ፣ ሁሉም ልክ ነህ» ይለኛል። ቀጥሎ ግን፦ «አንተ የምርህን ስትናደድ ውስጥህ የሚሰነጠቀው ምንድነው? ተራራ አይደለም? እነሱ የውስጡን አውጥተው ሳሉት እንጂ አልዋሹም።»

አንዲት ነገር ደግሞ አብልጦ ይወድ ነበር። ጡጫው ከመሰንዘሩ በፊት ድምፅ ሁሉ ይጠፋና አንዲት የዝናብ ጠብታ ከመብረቅ ጣት ላይ ስትንሸራተት ትታያለች። «እኔ የምጮኸው ለዚያች ዝምታ ብዬ ነው» ይለኝ ነበር። እኔ አሾፍበታለሁ። አሁን ሳየው ግን ልክ ነበር። ያ ሁሉ ግርግር ባይኖር ዝምታዋ አትሰማም።

የመብረቅን ሞት የቀዳበትን ሰሞን ታስታውሺዋለሽ። ጉሮሮው አልቆ ነበር። ሐኪሙ በሽታውን ጩኸት አያመጣውም ብሎን አንቺ አላመንሽውም፤ እኔም እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም። ያ የመጨረሻው ሹክሹክታ ሲተላለፍ አገሩ ሁሉ «ምን ዓይነት ትወና ነው!» አለ። ትልልቅ ሰዎች ወንበሬ ላይ ተቀምጠው እሱን እያነሱ ዓይናቸውን ሲጠርጉ፣ እኔ ከኋላቸው ቆሜ ምላጬን እስል ነበር። ትወና አልነበረማ።

ወንድሜን ከቀበርን በኋላ መብረቅም አብሮት የሄደ መስሎኝ ነበር። የዚያ ካርቱን ትልቁ ድካም ግን ይኼ ነው፤ ሞት አያውቅም። አዲስ ምዕራፍ መጣ፣ መቃብሩ ተሰነጠቀ፣ ሰውየው አቧራውን አራግፎ ወጣ።

አዘጋጇ፣ ያቺ «ጸጥታ!» እያለች ስለምትጮህ ሁላችሁም «እመቤት ጸጥታ» የምትሏት፣ አንድ ጠዋት ፀጉር ቤት መጥታ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሌሎች ሰዎች ሞክረን አልሆነም አለችኝ። ልጆች እየደወሉ ይኼ መብረቅ አይደለም ብለው ያለቅሳሉ አለችኝ። «አንተ ስልኩን ስታነሳ ስንቴ እሱ መስለኸኝ ተሳስቻለሁ!» ምላሴ ላይ የመጣው «ተነሽና ውጪልኝ» የሚል ነበር። ከአፌ የወጣው «እስቲ መጥቼ ልየው» ነው። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት ወንድሜ ይቆምበት የነበረውን ቦታ ማየት አምሮኝ ይሆናል።

ድምፅ የሚቀዳበት ክፍል ጠባብ ነው። ግድግዳው በስፖንጅ ስለተሸፈነ የገዛ ትንፋሽሽን እንኳ ይውጥብሻል። ማይኩ በሱ ቁመት ልክ እንደተተከለ ነው፣ ማንም ዝቅ አላደረገውም። እኔም ተንጠራርቼ ተናገርኩ እንጂ አልነካሁትም። የድምፅ ባለሙያው፣ ያ ቀብሩ ላይ ሰው ደግፎ ያስነሳው ወፍራሙ ሰውዬ፣ ቃናውን እንድይዝ ብሎ የድሮውን ቅጂ በጆሮ ማዳመጫው ከፈተልኝ።

ጩኸቱን ቻልኩት። ያልቻልኩት ከጩኸቱ በኋላ ሳይቆረጥ የቀረውን ነው። ሲያስል፣ ወረቀት ሲገልጥ፣ «ውሃ አቀብሉኝ በናታችሁ» ሲል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ዛሬ ልጄ ትሰማኛለች» ሲል። ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ እህቴ። ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ግድግዳው ብቻ ነው። ያቺን ቁራጭ ባለሙያው ለይቶ በፍላሽ ቀድቶልኛል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትደርስሻለች። መቼ እንደምታሰሚያት አንቺ ታውቂያለሽ።

መብረቅ ከመቃብር ወጥቶ የሚናገራት የመጀመሪያዋ ቃል «የት ነበርኩ?» የምትል ናት። አፌን ከፍቼ መልሼ እዘጋለሁ፤ እምቢ አለችኝ። በኋላ ሳላስበው አመለጠችኝ። የወጣችው ግን በሱ ድምፅ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ እመቤት ጸጥታ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ባለሙያው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

ከዚያ ወዲህ ሰላሜን አጣሁ። ፀጉር ቤት «ተረኛ!» ስል ወረፋ የያዘው ሁሉ ደንግጦ ቀና ይላል። ያ የወንድሜ የልጅነት ጓደኛ፣ ነጂው፣ ግማሽ ራሱ ተቆርጦ ሳለ «አታውራ በሞቴ፣ ዝም ብለህ ቁረጠኝ» አለኝ። ብቻዬን ሳጉረመርም እንኳ የሚያጉረመርመው እሱ ነው። ከደንበኛው ራስ በላይ መስታወቱ ውስጥ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ፊቱ የኔ ነው። ሌላውን አላውቅም።

በዚህ መሀል ነው ደብዳቤሽ የደረሰኝ። ልጅቷ ከግርጌው የጫረቻትን አይተሻት ይሆን? እንዲህ ትላለች፦ «አጎቴ፣ የካርቱኑ ጥሩ ነገር ትልልቅ ሰዎች ሲያለቅሱ አይደበቁም። መጥፎው ነገር መብረቅ ከሞት ሲመለስ ማንም አላቀፈውም። ወዲያው ድብድብ ጀመሩ። እኔ ብሆን መጀመሪያ አቅፈው ነበር።»

ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ በቀጥታ ስቱዲዮ ሄድኩ። አዘጋጇን ከእንግዲህ እሱን ሆኜ አልናገርም አልኳት። እመቤት ጸጥታ ጮኸችብኝ፤ ግማሹ ተላልፏል፣ ለዚያ ሁሉ ልጅ ምን ልበለው አለችኝ። እኔ የማስበው ስለ አንዲት ልጅ ነው አልኳትና የጻፈችውን ሰጠኋት። አንብባ ሲበቃት እሷም ለአንድ ጊዜ ጸጥ አለች። ከዚያ ደግሞ ሳቅ አላት፦ «ተራራ በቡጢ ሲሰነጠቅ ያልጠየቀ ሰው ድምፅ ቢቀየር ይጠይቃል እንዴ!» እዚያው ጽሑፉ ላይ ሁለት አረፍተ ነገር ጨመረች። የመብረቅ ጓደኛ «ድምፅህ ተቀይሯል» ይለዋል፤ መብረቅ «የድሮውን እዚያው ትቼው መጣሁ» ብሎ ይመልሳል። ለካ እዚህ ካርቱን ውስጥ ሁሉ ነገር መቻሉ አንዳንዴ ይጠቅማል።

ወዲያው ገብቼ በራሴ ድምፅ መቅዳት ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድን ባለሙያው አስቆመኝ። «አሁንም እሱን እየመሰልክ ነው፤ ያውም ጉሮሮው ያለቀበትን የመጨረሻውን ጊዜ። ተው፣ በራስህ ተናገር» አለኝ። ውሃ ጠጥቼ ደገምኩት። እንደገና አስቆመኝ። ይኼ የኔ ነው አልኩት። ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ አየኝ። ከዚያ ቀጥል አለኝ፤ ቀጠልን።

ይኼን ብዬሽ ደግሞ እንዳትጨነቂ። የፀጉር ብናኝ ሲውጥ የሚውል ሰው ጉሮሮ ምን ይሆናል ብለሽ ነው! ስልክሽን ያላነሳሁት ልጅቷ ሰምታኝ እንዳትደናገጥ ብዬ ብቻ ነው።

ለሷ እንዲህ በያት፦ አባትሽ አልተሻለውም። ሲናገር የሰማሽው አጎትሽ ነው፤ ሊያታልልሽ ፈልጎ አይደለም፣ እሱም ናፍቆት ነው። የአባትሽ ድምፅ በፊተኞቹ ምዕራፎች አለ፣ ማንም አይነካውም። ትቆጣኝ ይሆናል። ትቆጣኝ፤ መጥታ ፊት ለፊት ትቆጣኝ። ትምህርት እስኪዘጋ አትጠብቂ፣ ሰሞኑን አስፈቅደሽላት ይዘሻት ነይ። ከሷ ጋር ቁጭ ብለን ያንን ጉደኛ ካርቱን ከመጀመሪያው እያየን፣ የትኛው ቡጢ ከሁሉ እንደሚያስቅ ታስረዳኛለች። እኔ ብዙ ባላወራም አትዘኑብኝ፤ እሰማለሁ።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ እናት አባትሽን በጤና ያቆይልሽ። የልጃችንን ዕድሜ ያርዝምልሽ፤ አድጋ፣ ተምራ፣ ለወግ ለማዕረግ በቅታ ለማየት አንቺን ያብቃሽ።

የልጅሽ አጎት