ለአንዲት እናት የመጣ ፈቃድ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ ለፀደይ፤ ካይሮ

እንደምን ሰነበትሽ ፀዲዬ? እኔ አለሁ። ይህን ደብዳቤ ሸዊት፣ ከኡም ራኩባ ካምፕ መጥታ ጎረቤታችን የሆነችው ልጅ፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። በቃል ብነግርሽ ትቆጪኛለሽ፤ እኔም ስትቆጪኝ እሺ ማለት ይቀናኛል። ስለዚህ ጻፍሁት።

ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ የተሳፈረችው ኩብራ ናት። እኔ አይደለሁም።

የወንድሟ ልጅ እስከ ካይሮ አብሯት ነው። እሑድ ትደርሳለች። የስኳር መርፌዋን በበረዶ ይዟል፤ ለሦስት ቀን ይበቃል። የግራ እግሯ ቁስል ስላልደረቀ ሐኪም ቤት ቶሎ ውሰጃት። እዚህ መድኃኒቱ ከጠፋ ሁለት ወር ሆነው።

ያልሽኝን አልረሳሁም። «የግብፅ መግቢያ ፈቃዱ የወጣው በኩብራ ስም ነው። ፎቶው የድሮ ነው፤ ቶብሽን ተከናንበሽ ነይ፣ ማንም አይለይሽም» አልሽኝ። «እሷስ?» ብልሽ «የወለድሽኝ አንቺ ነሽ» አልሽ። ሃያ አምስት ዓመት ልሰማው የፈለግሁት ነገር ነበር። በክፉ ቀን መጣ።

ይህ ከተማ መንገድ ያለቀበት ሰው የሞላው ነው። የኩብራ አያት ከሐውሳ አገር ለሐጅ በእግሩ ተነሥቶ፣ ስንቁ እዚህ ሲያልቅ ቀረ። ግብፃዊው ባለ ሱቅ፣ የመናዊው ዳቦ ጋጋሪ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር የወረድነው እኛ፣ ሁላችንም ለአንድ ክረምት ነበር የመጣነው። አሁን ደግሞ ጦርነቱን የሸሸው የካርቱም ሰው በየትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ተኝቷል፤ እሱም ለጥቂት ቀን ነው ይላል። ኩብራ የከተማውን ስም ስትፈታው «የገበያ አዋጅ ነው፤ ‹አልገዳ ይሪፍ›፣ ጉዳዩን የጨረሰ ይሂድ ማለት ነው» ትል ነበር። «ታዲያ አንቺ ለምን አትሄጂም?» ስላት፣ በኦቾሎኒ ለውሳ የምትጠብሰውን፣ አጋሼ የሚሉትን ሥጋ እያገላበጠች «አጋሼዬ መች ተሸጦ አለቀ!» ትለኛለች።

አባትሽ ያረጋል፣ ቁረይሻ በሚባለው ቦታ እርሻ ላይ በወባ ሲሞት አምስት ዓመትሽ ነበር። በዓመቱ ትምህርት ቤት ልወስድሽ ስል ወረቀት የሌላት ልጅ አትመዘገብም አሉኝ። ጎረቤታችን ኩብራ «አላህ ልጅ አልሰጠኝም፤ በስሜ ትሁን» አለች። ጸሐፊው «ፀደይ ደግሞ ምን ማለት ነው?» ሲል ፍቺውን ከእኔ ሰምታ በአረብኛው «ረቢዓ ብለህ ጻፋት» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ ምኗ ነሽ?»

ጎረቤት ማለት እችል ነበር። አክስት ማለትም እችል ነበር። ኩብራ በክርኗ ጎሰመችኝ። እኔ ግን ፈራሁና «ኸዳማ ነኝ፤ የቤት ሠራተኛቸው» አልሁ።

አንቺ ሰማሽ። ስንወጣ «ማሬ፣ ለዛሬ ብቻ ነው?» አልሽኝ። እማዬ አላልሽም። «ለዛሬ ብቻ» አልሁሽ።

ከዚያ ወዲህ ምሳሽን ይዤ ስመጣ ጓደኞችሽ «ረቢዓ፣ ኸዳማሽ መጣች!» ይሉሽ ነበር። አንቺም ሳታዪኝ ተቀብለሽ ትመለሺያለሽ። አልተቀየምሁሽም። ያስተማርሁሽ እኔ ነኝ።

ፊደል የቆጠርሁት ለዚያ ወረቀት ነው። አማርኛውን ከአጫጆች የዳዊት መጽሐፍ፣ አረብኛውን ከሰሊጥ ጆንያ ላይ ለቃቀምሁ። አንድ ቀን ሣጥኑን ከፍቼ የልደት ወረቀትሽን አነበብሁ። «የእናት ስም፦ ኩብራ።» በአረብኛ መጀመሪያ ያነበብሁት እሱን ነው። ማንበብ መቻሌን ለማንም ሳልናገር ብዙ ቆየሁ።

አሁን በእሷ ስም ብመጣ፣ እሷ እዚህ በማን ስም ትታከማለች? ስሟን ወስጄ ቁስሏን ልተውላት? ደግሞ ለጽድቅ ብዬ አይምሰልሽ። በሰው ፊት «ኩብራ» ብለሽ ስትጠሪኝ መስማት ፈራሁ።

ለእኔ ሌላ ፈቃድ አትፈልጊ። ብትጠየቂ የምታሳዪው የለም፤ በወረቀት ዘመድሽ አይደለሁም። የሰማዩ ድምፅ፣ የድሮኑ፣ ሰሞኑን በርትቷል፤ ስልክ ሲጠፋ ግን አትደንግጪ፣ የሚጠፋው መብራት ነው። ሰሊጥ ማበጠሩንም አልተውሁም፤ መጋዘኑ ግማሽ ቀን ይሠራል።

ኩብራ እሺ ያለችው አብረን የምንሄድ መስሏት ነው። ፈቃዱ ለሁለታችን ነው አልኋት። «ካይሮ አጋሼ እጠብሳለሁ፤ አንቺ ከሰሉን ታራግቢያለሽ፤ ኸዳማ ነኝ ብለሽ የለ!» እያለች ስትስቅብኝ ሰነበተች። ስትደርስ ትሰድበኛለች። ስድቧን አስጨርሻት፣ ከዚያ እግሯን እጠቢላት።

እመብርሃን በሰው አገር ሞገስ ትሁንሽ። ማንም ምንሽ ናት ብሎ የማይጠይቅሽ ቤት ትስጥሽ። ወልደሽ፣ በራስሽ ስም አሳድጊ።

አውቶቡሱ ውስጥ ካስቀመጥኋት በኋላ ውኃ ገዝቼ ልምጣ ብዬ ወረድሁ። አንዲት ሴት ከጎኗ ልትቀመጥ ስትል ኩብራ መዳፏን ወንበሩ ላይ ጥላ «ሰው አለው! ሐበሺያዬ ናት፣ አሁን ትመጣለች» ስትል በመስኮቱ ሰማሁ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስም እጇን አላነሣችም።

እናትሽ ማሬ