የማይጠብቀው መዳብ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ ጤናው እንዴት ነው? ትንሹ ልጅሽ ጥርስ ሲያበቅል እንቅልፍ አሳጣችሁ ወይ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን የሚያሳስብሽ የእማዬ ነገር ስለሆነ ቀጥታ ወደዚያው ልግባ።

ሐኪሙ የእማዬ የካንሰር እጢ የት የት እንደደረሰ ሳላይ ሕክምና አልጀምርም አለ። ለማየት ደግሞ በደም ሥሯ መዳብ መውሰድ አለባት። አባዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ዕድሜውን ሙሉ መዳብ ሲቀጠቅጥ ኖሮ፣ መዳቡ ምግቡን እንዳይመርዝ ውስጡን ቆርቆሮ ሳይቀባ አንድ ድስት እንኳ ለሰው አስረክቦ አያውቅም። ሰው በድስት እንዳይበላው ስጠነቀቅ ኖሬ ሚስቴን በመርፌ ላስወጋት ወይ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እማዬም አባትሽ ካልፈቀደ ንቅንቅ አልልም ብላ ቁጭ።

እኔን ታውቂኛለሽ፤ ዳቦ ቤት እንኳ ሄጄ ወረፋዬን ለሌላ የምለቅ ነኝ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ እንጃ፣ ሐኪም ቤት መድኃኒቱን የምታዘጋጀዋ ሴትዮ መስኮት ላይ ቆሜ ተገኘሁ። ድምፄ አልወጣ እያለ ደጋግማ "አቤት?" አለችኝ፤ ግን አልሰለቸችም። አባዬ የሚቀጠቅጠው መዳብ ክብደታቸው በጥቂቱ የሚለያይ የሁለት ዓይነት ድብልቅ ነው፣ ሁለቱም አይለወጡም አለችኝ። ለእማዬ የሚሰጠው ሌላ ወንድማቸው ነው፤ ጠባዩ ያው የመዳብ ሆኖ ጨረር ይሰጣል፣ እጢውን ፈልጎ ከሚለጠፍበት መድኃኒት ጋር ታስሮ ስለሚገባ ካሜራው እጢውን በዚያ ጨረር ያየዋል። እንዲህ ያሉትን የአንድ ነገር ወንድማማቾች አይሶቶፕ ይሏቸዋል። በዓይን የማይታይ ጥቂት ስለሆነ እንደ ድስቱ መዳብ አይመርዝም፤ ጨረሩም ተለክቶ ነው የሚሰጠው። ግን ግማሽ ቀን ባለፈ ቁጥር ግማሹ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። የእማዬ በማግሥቱ ጠዋት ይደርሳል አለች።

በማግሥቱ ጠዋት አባዬ መዶሻውን አላስቀመጠም። አጠገቡ ቆሜ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። ቀና ሳይል "ደግሞ አንቺ መዳብ ልታስተምሪኝ?" አለኝ። እንባዬ መጣ።

"አባዬ፣ የአንተ መዳብ ይጠብቅሃል። የእማዬ ግን ይኸው እያለቀ ነው" አልኩት።

መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ ሽርጡን ፈታና ለእናትሽ ጫማዋን አቀብያት አለኝ።

ምርመራው ሲያልቅ እጢው ጉበቷና አንድ ሌላ ቦታ ላይ ብቻ ተገኘ። ሐኪሙ ያንኑ መንገድ ተከትሎ እጢውን የሚያቃጥል ሌላ የመዳብ ዓይነት አለ፣ ገና ሙከራ ላይ ነው፣ እማዬን ልናስገባት እንሞክራለን ብሏል። ትድናለች ግን አላለም። እትዬ፣ አባዬ የሠራው ድስት ከሁላችንም በኋላ ይኖራል፤ እማዬን የረዳት ግን ያ የሚያልቀው ነው። ይህን ሳስብ እውላለሁ።

አባዬ ሐኪሙን፣ ያ የሚያቃጥለው መዳብም እንዲህ ቶሎ ያልቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ይሄኛው ጥቂት ቀን ይታገሣል ሲለው፣ "ቢታገሥም እኛ ቀድመን ደርሰን እንጠብቀዋለን" አለ።

ባለቤትሽን እጅ እነሳለሁ። የትንሹን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ አማትሽንም ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ በያቸው። አባዬ ሰላም ይልሻል። እማዬ ደግሞ አታልቅሺ ብላሻለች።

ታናሽ እህትሽ
ከቤት፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን