ልጅ የሌለበት ማድ ቤት ስለተገኘልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ምንተስኖት፣
የቀበሌያችን የጸጥታ ኃላፊ
ደሴ

አሰላሙ ዓለይኩም። ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ጤናዎን፣ በተለይም ሳንባዎን፣ ከክፉ ሽታ እንዲሰውርልዎ እየለመንኩ፣ ሰው ፊት መናገር ስለማይሆንልኝ ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

በሰፈሩ ስብሰባ፣ ልጆች ባሉበት ቤት አደንዛዥ ዕፅ የሚሠራ ሰው ቅጣቱ እንደሚከብድ ሲያስረዱን ሁላችንም አጨበጨብን። ከሁላችንም አብልጠው ያጨበጨቡት፣ በጋራ ማድ ቤታችን ክኒን ፈጭተውና አፍልተው ወደ ኮምቦልቻ የሚልኩት ጎረቤታችን ጋሽ ወንድምአገኘሁ ነበሩ። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው፦

፩. ጋሽ ወንድምአገኘሁ ከዚያ ወዲህ ሕግ አክባሪ ሆነዋል። ድስቱን ከመጣዳቸው በፊት «ልጆች ውጡ፣ ቅጣት እንዳታከብዱብኝ!» ብለው ይጣራሉ፤ እኛም ወጥተን ዝናብ ላይ እንቆማለን። ጭሱ ግን ልጅ ስላልሆነ ውጣ የሚለው የለም፤ እኛ ክፍል ገብቶ ፍራሻችን ላይ ይተኛል።

፪. እርስዎ ለቁጥጥር የመጡ ዕለት በራፉ ላይ ትንንሽ ጫማዎች አይተው ክፉኛ ተቆጡ፤ ጫማዎቹም በትእዛዝዎ ተነሡ። ቀጥለው ልጅ መኖሩን ሲጠይቁ እኔ ጀሪካን ይዤ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። አፍሬ፣ እንዲያልፉ እግሬን ሰበሰብኩ። ልጅ እንደሌለ አረጋግጠው ሄዱ። በዐሥራ አምስት ዓመቴ አለመኖሬን ከመንግሥት አፍ መስማቴ ትልቅ ክብር ነው።

፫. የአራት ዓመቱ ወንድሜ ሀፊዝ በቆርቆሮ ጠመኔ እየፈጨ፣ ድመቷን «ውጪ፣ ቅጣት ይከብድብኛል» ይላታል። ትምህርት ቤት ሳይገባ ሕግ ማወቁ የእርስዎ ውለታ ነው። ታዲያ ሲስቅ ያስለዋል፤ ሲያስለውም ከንፈሩ ይጠቁራል። ሐኪሙ ከጭሱ አርቁት ብሏል። እናቴ ወዴት እንደምታርቀው ልትጠይቅዎ ብትመጣ፣ ስለ ሕፃናት ደኅንነት ስብሰባ ላይ ነዎት ተባለች።

ስለዚህ፣ ሥራ ማብዛት ካልሆነብኝ፣ ከእንግዲህ ልጆቹ ከሚወጡ ድስቱ ይውጣልን።

ስለ ሰጡን የደጅ አየር ከዝናቡ ሥር ሆኜ እጅ እየነሣሁ፣
በቦታው ያልነበረችው ታዛዥዎ
ፈትሂያ

ማስታወሻ፦ ልጅዎ ጽናት ከትምህርት ቤት መልስ እኛ ክፍል መጥታ አብራኝ ታጠናለች። ትናንት ልጆች ውጡ ሲባል ፍራሻችን ላይ እንቅልፍ ወስዷት ሳትወጣ ቀረች። ማታ ካሳላት አይደንግጡ፤ በቁጥጥርዎ መሠረት እሷም አልነበረችም።