ሩትን ያጎረስናት ዳቦ

ለወንድም ጋሼ ኤርካሎ፣
ባለህበት ደርባን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ከጉኑኖ ተነስቶ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ደጃፍህ ይድረስ። እንዴት ሰነበትክ? ብርድ ሲገባ የሚነሳብህ ወገብህስ ተሻለው? ሃይሚ እንዴት ናት? ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆማ መዋሏን ስሰማ እግሯ ያሳስበኛል። ልጃችሁ ቤኒስ እንዴት ሆነልኝ? ስለ ቤኒ የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

እኛን ስትጠይቀን «ደህና ነን» ብዬ ማለፍ ለምጄ ነበር። ዛሬ ግን እማዬ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የጻፍኩትን ሁሉ በወላይትኛ እያስነገረችኝ ስለሆነ መዋሸት አልችልም። በአማርኛ የምጽፈው ሃይሚም እንድታነበው ብዬ ነው። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትል ይሆናል። በዚህ ሳምንት በስልክ ሦስት ጊዜ ልነግርህ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አውርቼ ዘጋሁት። ስጨርስ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ሥራ ላይ ከሆንክ አሁን አታንብበው። ቤትህ ገብተህ፣ ከሃይሚ ጋር ተቀምጠህ አንብበው።

እኔ ስንዴና ገብስ እንደተከለከልኩ ታውቃለህ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ክብደቴ እያለቀ ደሜም እያነሰ ሲያስቸግረኝ፣ ሐዋሳ ሄጄ ሐኪሙ በጉሮሮዬ ካሜራ አስገብቶ አየና ሴሊያክ የሚባል በሽታ ነው አለኝ። ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። የእኔ አንጀት እሱን ሲያገኝ ይቆስላል፤ ከቆሰለ በኋላ የፈለግሁትን ብበላ ሰውነቴ ላይ ጠብ አይልም። አንተ ያኔ የሆድ አለርጂ መስሎህ «አይዞሽ» ብለህ አለፍከው። እማዬ ግን ጭራሽ አላመነችም። እህል ለሰው ጠላት ሆኖ አያውቅም ትል ነበር። ቆጮ፣ ጎዳሬና በቆሎ ስለማይጎዱኝ ቤት ውስጥ ብዙ አልተቸገርኩም። የምቸገረው ከቤት ስወጣ ነው።

በጥር ወር ሶዶ ላይ ትልቁ ጉባኤ ነበር፤ ከየወረዳው ምእመናን የሚሰበሰቡበት፣ ሦስት ቀን የሚቆየው። እኔ ሕፃናትን እንዳስተምር ተመድቤ ነበርና እማዬም አብራኝ ሄደች። ለሦስት ቀን የሚበቃኝን ቆጮ ጋግሬ በኮባ ጠቀለልኩ፤ ጎዳሬ ቀቀልኩ፤ የበቆሎ ቆሎ ቆላሁ፤ ለማባያ የሚሆን ዳጣም በጠርሙስ ያዝኩ። ሚኒባሱ ውስጥ እማዬ ዘንቢሌን እያየች፣ ሰርግ ቤት ስንቅ ይዞ እንደሚሄድ ሰው አዋረድሽኝ አለችኝ።

ያሳደሩን ወይዘሮ አዛለች የሚባሉ ደግ ሴት ናቸው። ለእንግዶቻቸው ብለው ትልቅ ዳቦ ጋግረው ጠበቁን። እኔ አልበላም ስል ፊታቸው ሲለወጥ እማዬ አየችና ቶሎ ብላ ጾም ይዛለች አለቻቸው። በማግሥቱ ጠዋት ግን የውኃው ሮቶ ጀርባ ተደብቄ ቆሎ ስቆረጥም ወይዘሮ አዛለች መጡብኝ። ጾሜ እዚያው ፈረሰ። አፍሬ እውነቱን ነገርኳቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ እንዲህ ያለ በሽታ ሀብታም ቤት እንጂ እኛ ቤት ምን ይሠራል ብለው ሳቁ። እማዬም አብራቸው ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ጉባኤው ሜዳ ላይ ነበር። እንጀራው የጤፍ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ማብሰያው ድንኳን ሄድኩና ምን እንደተቀላቀለበት ጠየቅሁ። አንዷ ወጥ አውጪ ገብስ ጣል እንዳደረጉበት ነገረችኝ፤ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ጤፍ ብቻ ማን ይችላል አለችኝ። እውነቷን ነው። የሽሮው ጭልፋም የቅንጬው ድስት ውስጥ ሲገባ ሲወጣ አየሁ። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው በአንድነት ማዕድ ሲቆርስ እኔ ከዳር ተቀምጬ ኮባዬን እፈታ ነበር። ወንድም ጋሼ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ ከሰው ማዕድ አለመቁረስ ከራብ ይብሳል።

በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነው ነገሩ የሆነው። ከቦዲቲ የመጣች እታፈራሁ የምትባል ሴት ልጇን ይዛ ሸራው ሥር አጠገቤ ተቀመጠች። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነው ስትለኝ አላመንኳትም፤ የሁለት ዓመት ልጅ ታክላለች። ሆዷ ተወጥሯል፣ እግሯ ሰምበሌጥ ሆኗል፣ ፀጉሯ ሳስቶ ቀልቷል። እታፈራሁ ዳቦ በሻይ እያራሰች ታባብላታለች፤ ልጅቷ ደግሞ ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ታዞራለች። አዟዟሯን ሳይ እህታችን ፊቴ ድቅን አለች። ሩት ነበረች። ሩት እንዲሁ ነበር የምታዞረው።

አንተ አረካ ወፍጮ ቤት ስለነበርክ ይህን አላየህም። አባባ ካረፈ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ለሩት ዳቦ ትይዝላት ነበር። ሆዷ ተነፍቶ ስትከሳ የመረመራት ሰው ቆጮና ጎዳሬ ብቻ ልጅ አያሳድግም፣ ዳቦና ቅንጬ ስጧት ብሎን ነበርና እኛም ደስ ብሎን ተቀበልነው። እሱም የሚያውቀውን ነው የነገረን። አንተ እሑድ ስትመለስ ግን ሩት ዳቦውን አልበላም ትል ነበር። እማዬ ወንድምሽ ለፍቶ ያመጣልሽን እያለች፣ አንዳንዴም እያለቀሰች አፏን ከፍታ ታጎርሳት ነበር። አንድ ቀን መታቻት። እኔ ደግሞ ከሩት የሚተርፈውን የምበላው እኔ ስለነበርኩ እምቢ ስትል ደስ ይለኝ ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እማዬም አሁን ስነግራት ነው የሰማችው።

እታፈራሁን ዝም ብዬ ላልፋት አልቻልኩም። ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይህ በሽታ አለብኝ አልኳት። ልጅሽን ሆስፒታል አሳዪያት፣ ይህን የሚለይ የደም ምርመራ አለ፣ ስሙን ልጻፍልሽ አልኳት። ያን ያህል ብዬ ባቆም ምናለ! ሴትዮዋ ግን ገና እያመነታች ነበርና እንድታምነኝ ብዬ፣ እኔም እንደዚች ያለች እህት ነበረችኝ፣ ሳናውቅ እየጎዳናት ሞተችብን አልኳት።

እማዬ ከጀርባዬ ተቀምጣ እንደነበር ረስቼ ነበር። ስዞር የያዘችው ቁራሽ ዳቦ እጇ ላይ እንዳለ አየሁ። ድምፅዋ እምብዛም ሳይሰማ፣ በወላይትኛ፦

«ሩትን የገደላት ዳቦው ነው?» አለችኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። ሩትን ማንም በዚህ በሽታ አልመረመራትም፤ እርግጡን የሚያውቅ ሰው ዛሬ የለም። ነገር ግን ዓይኔን እያየች ነበር።

«አላውቅም እማ። ግን ይመስለኛል» አልኳት።

አላለቀሰችም። ዳቦውን ቀስ አድርጋ ነጠላዋ ላይ አስቀመጠችና «ያጎረስኳት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ በኋላ የከሰዓቱ ፕሮግራም ጀመረ። ያ ሁሉ ሕዝብ ተነስቶ ሲዘምር እሷ ብቻ ተቀምጣ ቀረች። እኔ እጇን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ፤ እጇ የሞተ እጅ ይመስል ነበር። የሦስተኛውን ቀን አልጠበቅንም። ወይዘሮ አዛለችን እማዬን አሟታል ብዬ ተሰናበትኳቸውና ወደ መናኸሪያ ሄድን።  ጉኑኖ ስንወርድ ክንዴን ይዛ፣ ለኤርካሎ እንዳትነግሪው፣ ያመጣ የነበረው እሱ ነው አለችኝ። ማልኩላት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ኑሮ እንዴት ልንገርህ። ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም አለች። ሽማግሌው ቶማ መጥተው ቢጠይቋት፣ ልጄን በእጄ ገድዬ ምን ብዬ ልዘምር አለቻቸው። ቶማ ብዙ ጥቅስ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን አንድም አልጠቀሱም። ብቻ አጠገቧ ተቀምጠው አለቀሱላትና ሄዱ። እማዬ ዳቦ የሚባል ቤት እንዳይገባ አድርጋለች። የሰማኒያ ቀን መንገድ የሄደች ይመስል ከስታለች። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የሩት መቃብር ጋ ሄዳ ሣሩን ስትነቅል አገኛታለሁ። የሚነቀል ሣር ግን ካለቀ ቆይቷል።

በየካቲት መጨረሻ እታፈራሁ ከቦዲቲ ደወለችልኝ። ልጇን አስመርምራ፣ ደሟ አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ፣ ያው የእኔ በሽታ ሆኖ ተገኘ። አሁን በቆሎና ቆጮ ብቻ ነው የምትበላው፤ ራበኝ ማለት ጀምራለች አለችኝ። ይህን ለእማዬ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ደስታ ይሁን ኀዘን አልጠየቅኋትም። ሩትም ራበኝ ብላ እንደማታውቅ ሁለታችንም እያሰብን ነበር።

እንግዲህ ወደ ቤኒ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ሃይሚ የላከችልኝን የድምፅ መልእክት ከእማዬ ጋር ሰማነው። ሆዱ ይነፋል፣ ሽንት ቤት ያመላልሰዋል፣ ሦስት ዓመት አልፎት ያምና ልብሱ አልጠበበውም፣ ከብስኩት በቀር ምንም አይበላልኝም ስትል ሰማን። እማዬ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሃይሚ የምትለውን አማርኛ ሁሉ ባትረዳም «ሆዱ» የሚለውን ታውቀዋለች። ከዚያ ተነስታ ደብተሬን ከመደርደሪያው አወረደችና «ጻፊለት» አለችኝ። መሐላዬን ሳስታውሳት፦

«እሱ ይዘን፤ ልጁ ይኑር» አለችኝ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ይህን ሳታነብ እንዳታልፍ። ቤኒን ዛሬ ነገ ሳትል ሐኪም ጋ ውሰደው። አክስቱ ሴሊያክ አለባት፣ በዘር የሚሄድ ነው፣ ለዚህ የሚሆነውን የደም ምርመራ አድርጉለት በላቸው። እኔን ያከመኝ ሐኪም አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮኛል፤ ምርመራው ሳይደረግ ስንዴውን ማቆም የለባችሁም፣ ካቆማችሁ በሽታው ተደብቆ ላይታይ ይችላል። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ካነበብክ በኋላ ብስኩት በእጅህ መስጠት ምን እንደሚሆንብህ አውቃለሁ። ግን እስኪመረመር ታገሥ፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚልህን አድርግ። ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል፣ ቀላል የሆድ ትል ሊሆን ይችላል። ሆኖ ከተገኘም አትደንግጥ። እኔ ይኸው ዘንቢሌን ይዤ እኖራለሁ።

ስለ ሩት ምን ልበልህ? አላወቅንም ነበር ብዬ ልጽፍ ፈልጌ እማዬ አስቆመችኝ። ያንን እሱም ያውቀዋል፣ አያጽናናውም አለች። በምትኩ ይህን ጻፊ ብላ እንዲህ አለችህ፦ «ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። የእኔን ድርሻ እንዳትወስድብኝ።»

ለሃይሚ ሰላምታዬን በትልቁ አድርስልኝ፤ መልእክቷን ስለላከች አመስግንልኝ፤ ፈርታ ዝም ብትል ኖሮ ምን እንሆን ነበር። ቤኒን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። አብሯችሁ የሚኖረውን የሃይሚን ወንድም ይድነቃቸውን እንዴት ነህ በልልኝ። ከዚህ ሽማግሌው ቶማ፣ ጎረቤታችን ባዳቾና የአራተኛ ክፍል ልጆቼ ሁሉ ሰላም ይሉሃል። እማዬ ግንባርህን ትስማለች።

ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አንብቤላት ጨርሼ ልፈርም ስል ደግሞ ቆዪ አለችኝ። ይህን ጨምሪበት አለችኝ። ሩት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጀምራ፣ ያንን ሆዷን ይዛ፣ በሩ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታይ ነበር። ግቢ ብንላትም አትገባም። ዳቦውን እንደማትወደው ታውቃለህ አሁን። የምትጠብቀው አንተን ነበር።

እህትህ ትዕዛዝ
ጉኑኖ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.