አራት ጣት የጠበበው በር

ወንድም ዓለም፣

አንተን ያስገባል ብዬ ዛሬ ያየሁት አራተኛው ሆቴልም አልሆነም። መግቢያው ለጥ ያለ፣ ሊፍቱም ሰፊ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ግን ከተሽከርካሪ ወንበርህ በአራት ጣት ይጠባል። ጥፋቱ የኛ ነው፤ በስልክ የጠየቅነው መግቢያው ላይ ደረጃ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነበር። ዘበኛው ስለካ አይቶኝ፣ «ምን አስጨነቀዎት ጋሼ፣ እኛ እንሸከማቸው የለ!» አለኝ። አንተ «ሸክም ለቀብሬ ይቆየኝ» ማለትህን አልነገርኩትም። እኛ ሰፈር ቢሆን አናጢውን ጎረቤታችንን ጠርተን በምሳ ሰዓት ባሰፋነው ነበር፤ እዚህ በሩ የሰው ነው። የከተማው አውቶቡስም የተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫውን ይዘረጋል፤ የሚያርፍበት የእግረኛ መንገድ ግን ተቆፍሯል። አልዋሽህም፣ ተስፋዬ ተሟጧል። የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። የሆቴሉ ባለቤት በሩን ከነመቃኑ ታስነቅል እንደሆነ ማክሰኞ ትወስናለች። እስከዚያ ቲኬቱን አትቁረጥ።