የራሳቸውን ስላይድ እንዳያዩ ስለከለከልናቸው ባልደረባችን የተሰጠ የሀዘን መግለጫ

የሳንባ ክሊኒካችን የሠራተኞች ማኅበር፣ የአክታ ምርመራ ክፍል ኃላፊ የነበሩትና ሁላችንም «ጋሽ አጣሪው» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ማክሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘንና በማያንስ ሀፍረት ነው። አስተዳደሩ በሰሌዳ ላይ የለጠፈው ማስታወቂያ «ከረጅም ጊዜ ሕመም በኋላ» ይላል። የታመሙት ሃያ አራት ቀን ነው። ማኅበሩ ማስታወቂያውን አይቀበለውም።

ጋሽ አጣሪው ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት በረዳትነት ተቀጠሩ። አክታ የተቀባበት አጠራጣሪ ስላይድ ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ማይክሮስኮፕ ሥር ነበር።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ ሁለት ሰው ሳያየው ውጤት እንዳይወጣ የሚለውን ደንብ አወጡ። «የደከመ ዓይን ይዋሻል፤ ለጓደኛህ አሳየው» ይሉ ነበር። ዛሬ በክፍሉ ያሉትን አምስቱንም ባለሙያዎች ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ጥር የጠበበው የልባቸው የደም ሥር እንዲከፈት ትንሽ የብረት ቱቦ ገባላቸው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ሁለት ዓይነት ኪኒኖችም ታዘዙላቸው። በስድስተኛው ሳምንት ደም ያስላቸው ጀመር። «ይኼ ነገር ከኪኒኑ ጋር ነው የመጣው» ብለው ለሐኪሙም ለእኛም ተናገሩ። ማን ይስማቸው! እኛ ቤት ደም ያሳለ ሰው የሳንባ ነቀርሳ (የቲቢ) በሽተኛ ነው፣ አለቀ። አክታቸው ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። እኛ ግን ራጁ ላይ ያለውን ነጭ ጥላ አምነን ከመጀመሪያው ቀን ካስገባናቸው ለይቶ ማቆያ አላስወጣናቸውም፤ የነቀርሳ መድኃኒት ጀመርንላቸው፤ የልቡንም ኪኒን አላቋረጥንም። የሻይ ብርጭቋቸውን ከእኛ የለየነውም እኛው ነን።

በአሥረኛው ቀን «ስላይዱን አምጡልኝ፣ እኔው ልየው» ብለው ለመኑ። የሰውን ሁሉ ውጤት ሲያጣሩ የኖሩ ሰው፣ ራሳቸው ባሠለጠኑት ሰው አፍ «ታካሚ የራሱን ስላይድ እንዲያይ ደንቡ አይፈቅድም» ተባሉ። ባጎረስኩ ተነከስኩ ቢሉ እውነታቸውን ነበር። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛወሩ። እዚያ ሳንባቸው በመሣሪያ ታይቶ ከሁለቱም ወገን ደም እንደሚፈስ፣ መንስኤውም የልብ ኪኒኑ ከስንት አንዴ የሚያመጣው ጉዳት መሆኑ ታወቀ። ኪኒኑ ቢቆምም ደሙ አልቆመም።

መድኃኒቱን አንወቅስም፤ ስንቱን ሰው አትርፏል። የምትወስዱትም በገዛ እጃችሁ እንዳታቋርጡ። ደም ካሳላችሁ ግን ፈጥናችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ኪኒኑን እንደምትወስዱም ሳትነግሩት አትመለሱ። የካዳቸው ኪኒኑ አይደለም።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው፣ ለእኅታቸውና ከእሳቸው ጋር ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ባለቤታቸው የአበባ ጉንጉናችንን መልሰውታል። የጠየቁን አንድ ነገር ነው፤ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው እውነቱን በጽሑፍ እንድንነግራት።

ልጃችን፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አባትሽን በመስኮት ብቻ እንድታያቸው ያደረግንሽ እኛ ነን። ሕመማቸው የሚተላለፍ አልነበረም። ገብተሽ ልታቅፊያቸው ትችዪ ነበር።